የአራዳ የዱቤ መዝገብ

ከተማን ከተማ የሚያሰኘው ምንድር ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ መሐንዲሱ መንገዱን፣ ነጋዴው ገበያውን፣ ካህኑ ደብሩን፣ ዳኛውም ችሎቱን እንደሚጠቅስ የታወቀ ነው፤ በአዲስ አበባ፣ በአራዳ ተወልዶ በአራዳ ያደገ እንደ እኔ ያለ ሰው ግን፣ ጥቂት ካፈረ በኋላ፣ ዱቤን መጥቀሱ አይቀርም። ከጊዮርጊስ ደጀ ሰላም እስከ ራስ መኮንን ድልድይ፣ ከሠራተኛ ሰፈር እስከ ዶሮ ማነቂያ ድረስ፣ ጉራጌው ከአማራው፣ ኦሮሞው ከዶርዜው፣ አርመኑና ግሪኩ ከየመኑ ዐረብ ጋር አጥር ተጋርቶ ሲኖር፣ ይህን ሁሉ ነገድና ቋንቋ ያስተሳሰረው ኀይል የመንግሥት ዐዋጅ ወይም የሊቃውንት ስብከት ብቻ አልነበረም፤ ሁሉም ለሁሉም ዕዳ ስለ ነበረበት፣ ባለዕዳው አበዳሪውን ማስቀየም ስለማይበጀው፣ አበዳሪውም ገንዘቡን ሳይቀበል ባለዕዳውን ማራቅ ስለማያዋጣው፣ በመካከላችን በቀላሉ የማይፈርስ ሰላም ሰፍኖ ኖረ።

ነገሩን ከሥሩ ለማንሣት ያህል፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በየካቲት 1898 ዓ.ም. የአገራችን የመጀመሪያው ባንክ፣ አቢሲኒያ ባንክ፣ ተመርቆ ሥራውን ሲጀምር፣ ጥቂት ዘግይቶም በ1900 ዓ.ም. ግድም የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ሲከፈት፣ የአራዳ ሰው ከገንዘብ ጋር ያለው ዝምድና በሁለት በኩል ተፈተነ። መኳንንቱ በገንዘብ ምግብ ገዝቶ መብላትን ነውር አድርገው ስለ ቈጠሩት ወደ ሆቴሉ ድርሽ የሚል ጠፍቶ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው አስከትለዋቸው ገብተው፣ በልተው፣ ሒሳቡንም ከፍለው በማሳየት ሥርዓቱን አስጀመሩ እየተባለ ሲተረክ ኖሯል። አበው እንግዲህ ነውር ያሉት መክፈሉን ነበር፤ እኛም የልጅ ልጆቻቸው፣ የአባቶችን ትምህርት አክብረን፣ መብላቱን ከንጉሠ ነገሥቱ ተቀብለን፣ በመክፈሉ ላይ ግን የመኳንንቱን ሐሳብ ሳናፋልስ ጠበቅን። ስለ ባንኩ ብዙ የምለው የለኝም። ባንክ ላለው ያበድራል፤ እኛ የምንፈልገው ለሌለው የሚያበድር ነበር፤ እርሱም በየመንገዱ ማዕዘን ተቀምጦ ነበር።

የዐረብ ሱቅን ያላየ ትውልድ እየበዛ ስለ ሄደ ጥቂት ላብራራ። ስፋቱ አንድ አልጋ ቢያዘረጋ ነው፤ ከወለል እስከ ጣራ በመደርደሪያ የታጠረ፣ ላምባና ሳሙና፣ ቴምርና ቅመም በአንድነት የሚሸቱበት ስፍራ ሲሆን፣ በመካከሉ ሽርጥ ያገለደመ የየመን ሰው፣ ከመቀመጫው ሳይነሣ እጁን ብቻ እየዘረጋ የጠየቁትን ሁሉ ያወርድ ነበር፤ ሱቁን እንደ ልብስ የለበሰው ይመስል ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሌሊትም የሚያድረው ከዚያው ስለ ነበረ፣ በእኩለ ሌሊት እንግዳ ቢመጣ ወይም ሕፃን ቢታመም መስኮቱን ኳኳ አድርጎ ስኳርና ሻማ ማውጣት ይቻል ነበር። ስኳሩን መዝኖ፣ በአሮጌ ጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ለተላከው ልጅ አንድ ከረሜላ ምራቂ ያክልበታል። አማርኛው ወንዱን «አንቺ»፣ ሴቲቱን «አንተ» እያለ ጾታን ሁሉ ቢገለባብጥም የሚያርመው አልነበረም፤ ዱቤ የሚሰጥን ሰው ሰዋስው ማረም ከብልህነት አይቈጠርምና። ማን እንግዳ እንደ መጣበት፣ የማን ባልና ሚስት እንደ ታረቁ፣ የማን ቤት ደመወዝ ሳይደርስ እንዳለቀ፣ ከገዙት የሻይ ቅጠል መጠን አስልቶ ያውቃል፤ ያወቀውንም እንደ ንስሐ አባት ምስጢር አድርጎ ይዞ ይኖራል።

ደብተሩ ግን ከራሱም ይልቅ ምስጢር ነበር። በዐረብኛ ስለ ተጻፈ ከእኛ ወገን የሚያነበው አልነበረም፤ ስማችንንም በእናት በአባታችን አልመዘገበውም፤ «ቀዩ በር»፣ «የሚያስለው አስተማሪ»፣ «መንታ የወለደችው» እያለ በገዛ ሥልጣኑ ክርስትና አንሥቶን ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ፊቱን አዙሮ ሲሰግድ፣ የሰፈራችን አንድ ልጅ ደብተሩን ሳብ አድርጎ በእኛ ልማድ ከግራ በኩል ቢገልጠው፣ ገጹ ሁሉ አንዳች ጭረት የሌለበት ነጭ ወረቀት ሁኖ አገኘው። ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ እንደሚጻፍ፣ ደብተሩም እኛ መጨረሻ ከምንለው ገጽ እንደሚጀምር ያልሰማው ይህ ወንጌላዊ፣ የሰፈሩ ዕዳ በሙሉ እንደ ተሰረየ በየቤቱ እየሮጠ አበሠረ። የዚያን ዕለት ማታ የነበረው ሐሤት በበዓለ ትንሣኤም አልታየ፤ ብዙ ሰው በአዲስ ልብ አዲስ ዱቤ ያዘ፣ ስኳርም በኪሎ ተወሰደ፤ አንዲት ባልቴትማ «ዱሮስ ቢሆን ልቡ ደግ ነው» እያሉ እስከ ልጅ ልጁ መረቁት። ደብተሩ በማግሥቱ በትክክለኛው በኩል በተገለጠ ጊዜ የሆነውን ኀዘን ለአንባቢው እተዋለሁ።

ባለዕዳ የራሱ ጂኦግራፊ አለው። አጎቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከቤታችን እስከ ጊዮርጊስ ያለችውን አጭር መንገድ በቀጥታ ሂዶባት አያውቅም፤ ዐረቡ እንዳያየው በሠራተኛ ሰፈር ይወርዳል፣ ከዚያ ልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ ሲንጀሩን ዘርግቶ ስለሚቀመጥ ወደ ድልድዩ ይዞራል፣ በድልድዩ በኩል ደግሞ ጠጅ ቤቱ ስላለ ቁልቁል ይሳብና ዳገቱን እንደ ገና ይወጣል። በዚህም ምክንያት ለኪዳን ማልዶ የወጣ ሰው ቅዳሴ ሲፈታ ይደርስ ነበር። የደብሩ ካህናት ይህን ሳያውቁ፣ ላቡ እየተንጠፈጠፈ ገብቶ ሲሳለም ባዩት ጊዜ፣ ከሩቅ አገር በእግሩ የሚመጣ ተሳላሚ ነው ብለው ያከብሩት እንደ ነበር ሰምቻለሁ።

ጠጅ ቤቱ ደብተር የሚባል ነገር አያውቅም። የዶሮ ማነቂያዋ እመቤት ፊደል ስላልቈጠሩ፣ እያንዳንዱ ደንበኛ የጠጣውን ብርሌ በከሰል እየጫሩ ከግድግዳው ላይ ይመዘግቡ ነበር። እያንዳንዱም ሰው የታወቀ ቦታ ነበረው፤ ከበሩ አጠገብ ያለው ለወጣት ሠራተኞች፣ ከመስኮቱ በታች ያለው ለጸሐፊዎችና ለአስተማሪዎች፣ ከምድጃው በላይ ያለውና ጢስ ያጠቈረው ሰፊ ስፍራ ደግሞ ዕድሜ ለጠገቡት አንድ ጡረተኛ ወታደር ነበር። ከግድግዳው ላይ ስፍራ የሌለው ሰው በዚያ ቤት እንግዳ ነው። አባቱ የሞተበት ጎረምሳም የአባቱን ስፍራ ከነጭረቱ ሲረከብ፣ ተሰብሳቢው «ርስትህን አገኘህ» እያለ እንኳን ደስ ያለህ ይለው ነበር።

በሰሙነ ሕማማት፣ ሌላው ምእመን በስግደት ሥጋውን ሲያደክም፣ ከእነዚሁ ባለርስቶች ጥቂቶቹ ለበጎ ሥራ ተነሡ። ገንዘብ አዋጥተው ኖራ ገዙ፤ መጥረጊያና ባልዲ ይዘው መጥተውም «እትዬ፣ ለትንሣኤው ቤቱ ይንጻ እንጂ፤ እርስዎ ምንም አይድከሙ» አሉ። እመቤቲቱም በዚህ ትሩፋት ልባቸው ተነክቶ ጉልባን አቀረቡላቸው፤ ሰዎቹ ቀኑን ሙሉ ሲለቀልቁ ውለው፣ ይልቁንም ጭረት የበዛበትን ስፍራ ሁለት ሦስት ጊዜ እየደጋገሙ አንጽተው፣ በነጭ ግድግዳና በነጭ ኅሊና ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በፋሲካ ማግሥት ግን የእመቤቲቱ ትንሽ ልጅ፣ ከቄስ ትምህርት ቤት ገና ፊደል የዘለቀችው፣ የኖራው ወሬ በተሰማበት ሌሊት በኩራዝ ተቀምጣ ከግድግዳው ላይ አንድ በአንድ የገለበጠችውን ደብተር ይዛ ወጣች፤ የያንዳንዱንም ስም እየጠራች፣ እያንዳንዱን ጭረት እንደ ዳዊት ንባብ ሳትስት አነበነበችው። ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን ሴት ልጅን ማስተማር ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ካለ፣ እነዚያ ባለኖራዎች ሐሳቡን በጽኑ ይደግፉት ነበር።

ፎቶ ቤቶቹም ከዚህ ሥርዓት ውጭ አልነበሩም። ይህ ጥበብ በአራዳ የሥር ሥሩ የረዘመ ነው፤ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹ ያስለመዱት ሙያ፣ በእኛ ዘመን በየመንገዱ ተስፋፍቶ፣ ሐይቅና ዘንባባ ከተሣለበት መጋረጃ ፊት ማንንም ሰው መስፍን አስመስሎ ያወጣ ነበር። ኮቱም፣ ክራባቱም፣ የእጅ ሰዓቱም የፎቶ ቤቱ ነው፤ የእርስዎ የሚሆነው ፊቱ ብቻ ነው። ደንበኛው ቀብድ ከፍሎ ይነሣና ቀሪውን ሳይከፍል ሲቀር፣ ባለቤቱ ሥዕሉን በመስተዋቱ ውስጥ ለመንገደኛ ይሰቅለዋል፤ ማሳፈሩ ነው። አንድ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ እንዲህ ሁኖ ከመስተዋቱ ውስጥ ብዙ ከረመ፤ ነገር ግን በእጁ አገጩን ደግፎ ወደ ሩቅ የሚመለከተው ይህ መልከ መልካም ባለ ኮት፣ በዚያ የሚያልፉትን የአንዲት ልጅ እናት ልብ ማረከ፤ ተጠየቀ፣ ሽማግሌ ተላላከ፣ ነገሩ ተፈጸመ። በሠርጉ ዕለት አማቲቱ «ያ ኮት የታለ?» ብለው ቢያፋጥጡት፣ ሚዜዎቹ ወደ ፎቶ ቤቱ ሩጠው፣ የቀረውን ዕዳ ከፍለው፣ ኮቱን ለአንድ ቀን ተከራይተው አመጡለት።

ስለ ውቤ በረሃ ብዙ ሰው ብዙ ብሏል፤ ያዝማሪውም ቅኔ፣ የሌሊቱም ግርግር በሌሎች ብዕር ይብቃው። እኔ የምመሰክረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚያ ዱቤ አልነበረም፤ ስለዚህም ወደዚያ አዘውትሬ የመሄድ ዕድል አልገጠመኝም። በቶሞካም ቢሆን ዱቤን ማሰብ ከንቱ ነው፤ ቡናው የሚጠጣው ቆሞ ስለ ሆነ፣ የቆመ ሰው ደግሞ ለመሄድ የተዘጋጀ ስለሚመስል፣ ማንም አያምነውም። ከረንቡላ ቤት ግን ሌላ ፍርድ አለ፤ ሒሳቡ በተሸናፊ ነው፤ ስለዚህ ገንዘብ የሌለው ሰው ያለው አማራጭ ጨዋታውን ማወቅ ብቻ ነበር፤ በአራዳም የተዋጣላቸው ተጫዋቾች ሁሉ ኪሳቸው ባዶ የነበረው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

ሲኒማውን የምለየው በከፍተኛ አክብሮት ነው። ተንቀሳቃሽ ሥዕል ወደ አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ ሕዝቡ የሚታይበትን ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ ነበር የሸሸው፤ በእኛ ዘመን ግን ሰይጣኑ ተለማምዶ፣ በሲኒማ አምፒርና በሲኒማ ኢትዮጵያ ደጃፍ ወረፋ አስይዞ ትኬት ይቈርጥ ነበር። ለሁላችን የሚበቃ ገንዘብ ስለማይገኝ፣ አዋጥተን አንዱን ልጅ እናስገባውና፣ ሲወጣ በደረጃው ላይ ዙሪያውን ከበን ፊልሙን እናስተርከዋለን፤ ዋጋውም በኋላ የሚከፈል አንድ እፍኝ ቈሎ ነው። የተኩሱን ድምፅ በአፉ፣ የፈረሱን ኮቴ በጉልበቱ እያሰማ ሲተርክ፣ ትረካው ከፊልሙ ይረዝም ነበር። «አክተሩ አይሞትም» የሚለው ሕግ በእርሱ ዘንድ ዶግማ ስለ ነበረ፣ በእውነተኛው ፊልም ላይ ባለታሪኩ ሞቶ እንኳን ቢሆን በእኛ ደረጃ ላይ ከሞት ተነሥቶ፣ ጠላቶቹን ፈጅቶ፣ ልጅቱን አግብቶ፣ የሕንድ ፊልም ከሆነም ዘፍኖ ይለያየን ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ ከነዚያ ፊልሞች አንዱን በቴሌቪዥን ተመለከትሁት፤ የእኛ ተራኪ የሠራው እጅግ ይበልጣል።

የካሴት ዘመን ሲመጣ፣ የአራዳ ጎረምሳ ሁሉ የቀጠሮ ስፍራ ማሕሙድ ሙዚቃ ቤት ሆነ። ድምፃዊው ማሕሙድ አሕመድ ከፍቶት የነበረው ይህ ሱቅ፣ በር ላይ ቆሞ ከሚጠብቀው ሕዝብ አንድ በመቶ ያህሉ እንኳን ገብቶ ቢገዛው ኑሮ ዛሬ ከባንኮቹ ጋር በተፎካከረ ነበር። የወጣውን አዲስ ዘፈን ሁሉ ከመንገድ ዳር በነጻ እየሰማን ካሴቱን ሳንገዛ በቃላችን ያዝነው። የጊዜ መለኪያችንም እርሱ ነበር፤ ዘግይታ የመጣችን ልጅ «አንድ ሰዓት አስጠበቅሽኝ» የሚል አልነበረም፤ «የካሴቱ አንዱ ገጽ አልቆ ሁለተኛው ተጋመሰ» ይባላል እንጂ። ሞባይል ስልክ ስላልነበረ ሰው ከቀረ የቀረበትን ምክንያት የሚያስረዳው በሳምንቱ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ጠባቂው በትዕግሥት ይቅር ይለዋል። ይህም አንድ ዓይነት ዱቤ ነበር።

የዱቤው ዘመን ማሽቈልቈል የጀመረው ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት በዐዋጅ ተወረሰ፤ ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ገበያ ዘጋው፤ ስኳርና ሳሙናም ወደ ቀበሌው የኅብረት ሱቅ ገብቶ በካርድ ይታደል ጀመር፤ በኅብረት ሱቅ ደግሞ ዱቤን የጠየቀ ሰው በአድኃሪነት ባይከሰስ ዕድለኛ ነበር። ከየመን የመጡት ባለሱቆች ብዙዎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ። የእኛው ሰውዬ ሊሄድ በተነሣ ጊዜ ደብተሩን በብብቱ ይዞ በየቤቱ ዞረ፤ የመጣው ገንዘብ ሊሰበስብ አልነበረም። ያለው ሰው ከፈለው፤ የሌለውን ደግሞ በፊቱ ገጹን እየሰረዘ «ሐላል አድርጊልኝ» ይለው ነበር፤ ይህን ሲል ወንዱም ሴቱም ያለቅሱ ነበር፤ ያን ዕለት ስለ «አንቺ»ውና ስለ «አንተ»ው የሳቀ ሰው አላየሁም። እኛ ቤት ሲደርስ አጎቴ እንደ ልማዱ አልጋ ሥር ገባ። «ዕዳህ ተሰርዞልሃል፣ ውጣ» ቢባል ግን፣ አቧራውን እያራገፈ ወጥቶ፣ ከካፖርቱ ገበር ውስጥ በጨርቅ የተቋጠረ ገንዘብ አውጥቶ፣ እስከ መጨረሻዋ ስሙኒ ቈጥሮ ከፈለው። ለካስ ያን ሁሉ ዘመን በሠራተኛ ሰፈር የዞረው ገንዘብ አጥቶ አልነበረም፤ መዞሩ ሥራው ሁኖበት ኖሯል።

በ2016 ዓ.ም. የከተማው የኮሪደር ልማት አራዳ ደርሶ ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። ሐሰት መናገር አይገባኝምና፣ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱም ያምራል፤ የፈረሰው ጎጆ ብዙው ክረምት በመጣ ቍጥር የሚያፈስስ፣ መጸዳጃውም ለብዙ ቤተ ሰብ አንድ የነበረ ነው፤ በዚያ ተኝቶ ያላደረ ሰው በናፍቆት ሊያለቅስለት ይችላል፣ ያደረበት ግን ዕንባውን በመጠን ያደርገዋል። የከበደን ሌላ ነገር ነው። ባለዕዳውን ወደ አንዱ ዳርቻ፣ አበዳሪውን ወደ ሌላው ዳርቻ ስለ ወሰዱት፣ የማያልቅ የሒሳብ ሰንሰለት በአንድ ሳምንት ተበጠሰ። እኔ በደረሰኝ አራተኛ ፎቅ ሥር ያለው ባለሱቅ ልጅ ዱቤ ብጠይቀው፣ ትሕትና ባልጐደለው ድምፅ «ጋሼ፣ ስልክዎ ያበድርዎታል እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አበደረኝ። ግን እናቴን አያውቃት፣ የቤቴን በር ቀለም አያውቀው፣ ለምን እንደ ቸገረኝ አልጠየቀኝ፤ ቀኑ ሲደርስ ደግሞ ገና በማለዳ ከኪሴ ውስጥ ጮኸ። ከኪስ ውስጥ ያለን አበዳሪ በየትኛው ሠራተኛ ሰፈር ዙረው ያመልጡታል?

በዚህ ስተክዝ ሰንብቼ፣ አንድ ቀን ከብሎካችን ጀርባ ጉሊት ወደ ዘረጉ አንዲት አሮጊት ዘንድ ሽንኩርት ልገዛ ወረድሁ። ቀና ብለው አዩኝ፣ መነጽራቸውን አስተካከሉ፣ እንደ ገናም አዩኝ። «ጋሼ፣ የዶሮ ማነቂያው ልጅ አይደለህም?» አሉኝ። ያቺ ፊደል ዘላቂ ልጅ ናት! አርጅታለች፤ ድምፅዋ ግን የዳዊት ንባቡ ድምፅ ነው። ሰላምታውን፣ የሞተውንና ያለውን ተጠያይቀን ስንጨርስ፣ «የአጎትህ ጭረት አልተዘጋም» አለችኝ፤ እናቷ በመጨረሻ ሰዓታቸው ኑዛዜያቸውን ለንስሐ አባታቸው፣ የዕዳውን ዝርዝር ግን ለእርሷ እንደ ሰጡ ነገረችኝ። እኔ ያን ጊዜ አንድ ብርሌ በስሙኒ ይጠጣ ነበር፣ በስሙኒ ይታሰብልኝ ስል፣ እርሷ የተጠጣው ጠጅ እንጂ ስሙኒ አይደለም፣ የዛሬውን የጠጅ ዋጋ ክፈል ስትል፣ ደንበኞች ዙሪያችንን ተሰበሰቡ፤ ከእነርሱም መካከል ሁለት ሦስት የሚሆኑት የአራዳ ልጆች ኑረው በፍርዱ ገቡበት። ከብዙ ክርክር በኋላ ግማሹን ከፈልሁ፤ የቀረውንም ከዕለቱ ሽንኩርት ጋር ደምራ በዱቤ ያዘችልኝ።